ስለ ልብ ብርታት፦ መንገድ በተዘጋ ጊዜ የተሠራ ሥራ

፩

ሰው ሁሉ መከራ ባገኘው ጊዜ ይፈራል። ሕፃን ጨለማን ይፈራል፤ እረኛ አውሬን ይፈራል፤ ገበሬ አንበጣንና ድርቅን ይፈራል፤ ነጋዴ ወንበዴን ይፈራል። በጦር ሜዳ የዋለ ወታደርም ቢሆን ፍርሃት በልቡ አልፎ አያውቅም አይባልም። መፍራት የሰው ጠባይ ነውና ነውር የለበትም። ነውሩ ፍርሃት ጌታ ሆኖ ሰውን ሲያዝዝና እጁን ከሥራ ሲያስቀር ነው።

የልብ ብርታት ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ለአንድ ሰዓት የሚሆን ነው። ቤት ሲቃጠል ዘሎ የሚገባ፥ ወንዝ የወሰደውን ልጅ ዋኝቶ የሚያወጣ ሰው ይህ ብርታት አለው፤ ሰውም ሁሉ አይቶ ያመሰግነዋል። ሁለተኛው ለብዙ ዓመት የሚሆን ነው። የሚያየውና የሚያመሰግነው ሳይኖር፥ የሚሄድበትም መንገድ ተዘግቶ ሳለ፥ በየማለዳው ተነሥቶ የዕለቱን ሥራ የሚሠራ ሰው ይህ ሁለተኛው ብርታት አለው።

ይህን ሁለተኛውን ብርታት ለማግኘት የራስ ጉልበት ብቻ አይበቃም፤ ጉልበት ይደክማልና። ከራስ በላይ የሚታመኑበት ያስፈልጋል። እግዚአብሔር የተዘጋውን በር በጊዜው ይከፍታል ብሎ የሚያምን ክርስቲያን፥ በሩ እስኪከፈት ድረስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ፍርሃት፥ «በሩ መቼ ይከፈታል?» እያለ ቀኑን ይፈጃል። እምነት ግን፥ «ለዛሬ በእጄ የቀረልኝ ሥራ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ነገር በምክር ብቻ ከማስረዳት በሥራ ያሳዩትን ሰዎች ታሪክ መናገር ይሻላል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የኦኔሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ ታሪክ ተጽፎአል። ሁለቱም የኦሮሞ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጡ፤ ሁለቱም ነጻ ከወጡ በኋላ ለወገናቸው መጽሐፍ ሠሩ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

፪

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበረ። ሂካ የተባለው የኦሮሞ ቃል በአማርኛ ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። በአማርኛ ገመድ ተፈታ፥ ሕልም ተፈታ እንደሚባል፥ በኦሮሞ ቋንቋም የታሰረውን መፍታትና የተሰወረውን ነገር መተርጐም በአንድ ቃል ይነገራል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ልጁ በኋላ ምን እንደሚሠራ አላወቁም ነበር።

ሂካ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። በዚያ ዘመን ሰውን እንደ ከብት የሚሸጡና የሚገዙ ነጋዴዎች በአገሩ ይዘዋወሩ ነበር። በጦርነት የተማረኩትን ይገዛሉ፤ ልጆችንም ከየመንደሩ ዳር ይሰርቃሉ። ከዚያም በእግር ከገበያ ወደ ገበያ እየነዱ እስከ ቀይ ባሕር ወደብ ያወርዷቸዋል። ከወደቡም በጀልባ ጭነው ወደ ዐረብ አገር ያሻግሯቸዋል። መንገዱ ረጅም ነው፤ በረሃ አለበት፥ ጥማት አለበት፥ በሽታ አለበት። ብዙ ልጆች በመንገድ ሞተው ቀሩ። ከደረሱትም ብዙዎቹ የእናታቸውን ፊት ዳግመኛ አላዩም።

ሂካም በልጅነቱ ተሰረቀ። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተሸጠ ከአገሩ ራቀ፤ በመጨረሻም ምጽዋ ወደብ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ባሕሩ ብቻ ነበረ። ነገር ግን በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣው፤ ይማርም ዘንድ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው።

የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ወደ ምጽዋ የመጡት ወደ ኦሮሞ አገር ዘልቀው ለመግባት አስበው ነበር። መንገዱ ግን ስለ ተዘጋባቸው በባሕሩ ወገንና በአቅራቢያው ባሉ አገሮች ቀሩ። እነርሱ ወደ ኦሮሞ ልጆች መድረስ ባልቻሉበት ጊዜ፥ የኦሮሞ ልጆች በባርነት ተነድተው እነርሱ ወዳሉበት ወደብ ደረሱ። የዮሴፍን ታሪክ የተማረ ልጅ ይህን ነገር ያስተውለዋል። ዮሴፍን ወንድሞቹ ሸጡት፤ እግዚአብሔር ግን በዚያው መንገድ ለብዙዎች እንጀራ አዘጋጀ። ሆኖም የወንድሞቹ በደል በደል መሆኑ አልቀረም። ሰው የሠራው ክፉ ሥራ፥ እግዚአብሔር ወደ መልካም ስለ መለሰው፥ መልካም ተብሎ አይጠራም።

ሂካ ፊደል ቈጠረ፤ ማንበብና መጻፍ ተማረ። በ1872 በትንሣኤ ቀን ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ከሐዲስ ኪዳን የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ኦኔሲሞስ ፊልሞና የሚባል ሰው ባሪያ ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ስለዚህ ባሪያ ለፊልሞና ደብዳቤ ጻፈ፤ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ይቀበለው ዘንድም ለመነው። የስሙ ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። በገበያ በገንዘብ ሲለካ የነበረው ልጅ በዚህ ስም መጠራቱ ታላቅ ነገር ነው። ነጋዴዎቹ፥ «ዋጋው ስንት ነው?» ይሉ ነበር። አዲሱ ስሙ ግን ለሰው ልጆች የሚጠቅም መሆኑን ይናገር ነበር።

፫

ኦኔሲሞስ በትምህርቱ ትጉህ ስለ ሆነ ወደ ስዊድን አገር ተላከ፤ ዮሐንስሉንድ በሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤትም 5 ዓመት ተማረ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰና ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። ከዚያም ብዙ ሳይቈይ ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ከጓደኞቹ ጋር ተነሣ። በስዊድን ቢቀመጥ ሰላም ነበረለት፤ በምጽዋም ቢቀመጥ እንጀራ ነበረለት። እርሱ ግን ሕዝቡ በቋንቋው የእግዚአብሔርን ቃል እንዲሰማ ይፈልግ ነበር።

በደጋው በኩል ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው በሱዳን በኩል ዞሩ። ብዙ ደክመው እስከ ቤኒ ሻንጉል አገር ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መሄድ አልቻሉም። የሚፈልጉት አገር ቅርብ ሳለ ወደ ኋላ ተመለሱ። ኦኔሲሞስም በንዳድ ታመመ። በሚያዝያ ወር 1882 ካርቱም ሲደርሱ፥ መሐዲ የተባለው ሰው ያስነሣው ዐመፅ በሱዳን እየተስፋፋ ነበር። በጥር ወር 1885 ካርቱም ራሷ በመሐዲ ሠራዊት እጅ ወደቀች። በዚያ በኩል የነበረው መንገድም ፈጽሞ ተዘጋ።

ኦኔሲሞስ ሁለተኛ ጊዜ በሌላ በኩል ሞከረ፤ ይህም ሳይሆንለት ቀረ። በ1886 እንደ ገና በእምኩሉ ነበረ። እምኩሉ ከምጽዋ አጠገብ ያለ፥ ሙቀቱ እጅግ የበዛ ቆላ ነው፤ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት በዚያ ነበረ። በዚህ ጊዜ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር። አገሩን በልጅነቱ ከተነጠቀ ብዙ ዘመን አልፎአል፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሶአል።

ልጆች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን እጅግ ይፈትናል። መከራ በድንገት ሲመጣ ሰው ይበረታል፤ ተስፋ ያደረገው ነገር ደጋግሞ ሲቀርበት ግን ልቡ ይዝላል። «እግዚአብሔር ይህን ሥራ ቢወድድ ኖሮ መንገዱን አይዘጋም ነበር» የሚል ሐሳብም ይመጣበታል።

ኦኔሲሞስ ያደረገው ነገር ግን ይህ ነው፤ ብዕርና ወረቀት አንሥቶ መተርጐም ጀመረ። አስቀድሞ በኦሮሞ ቋንቋ የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ቀጥሎም ሐዲስ ኪዳንን ያዘ። ሰው የማያልፍበትን በር መጽሐፍ ያልፍበታል። ሰው ይታመማል፥ በዘበኛ ይመለሳል፤ መጽሐፍ ግን በነጋዴ ስልቻ ውስጥ ሆኖ ተራራውን ይሻገራል። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ያለው ጊዜ ለኦኔሲሞስ የሥራ ጊዜ ሆነ።

፬

ሥራው በተጀመረ ጊዜ ግን ሌላ ችግር ተገለጠ። ኦኔሲሞስ ከእናቱ ቤት የወጣው በልጅነቱ ነበር። ብዙ ቋንቋ ተምሮአል፤ የገዛ ቋንቋው ግን በልጅ መጠን ቀርቶአል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ዘርና ስለ አጨዳ፥ ስለ በረትና ስለ እረኛ፥ ስለ ሠርግና ስለ ልቅሶ፥ ስለ ፍርድና ስለ ዕርቅ ተጽፎአል። የእነዚህ ነገሮች ቃል ከሽማግሌዎች ሸንጎና ከእናቶች ምድጃ ዳር የሚለቀም ነው እንጂ በስዊድን ትምህርት ቤት አይገኝም። በዚያ ዘመን ደግሞ በኦሮሞ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ገልጦ ቃል የሚፈልግበት አልነበረውም።

የተማረ ሰው፥ «የገዛ ቋንቋዬ ጐድሎኛል፤ እርዱኝ» ለማለት ብርታት ያስፈልገዋል። ትዕቢተኛ ሰው ይህን ከማለት የተሳሳተ መጽሐፍ ቢጽፍ ይመርጣል። ኦኔሲሞስ ግን እርዳታ ፈለገ፤ ዋናው እርዳታም የመጣው ከእርሱ በዕድሜ እጅግ ከምታንስ ከአንዲት ልጅ ነው።

ይህች ልጅ አስቴር ጋኖ ናት። የሊሙ እናርያ ንጉሥ ማርኮ ለባርነት አሳልፎ የሰጣት ናት። በ1886 ከሌሎች ልጆች ጋር በጀልባ ተጭና ወደ የመን ልትሸጥ ስትሄድ፥ የኢጣልያ መርከብ ጀልባውን በባሕር ላይ ያዘ። ልጆቹም ነጻ ወጥተው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። የዚያኑ ዓመት ኦኔሲሞስ በዚያው ነበረ። እርሱ ቃል ይፈልግ ነበር፤ እርስዋ ደግሞ የሕዝብዋን ቃል በልቡናዋ ይዛ መጣች።

ነጋዴዎች የተማረከን ልጅ ሁሉን ነገር ይነጥቁታል፤ ልብሱን ይወስዳሉ፥ ስሙን ይለውጣሉ፥ ከእናቱ ይለዩታል። አንድ ነገር ብቻ ሊበረብሩት አይችሉም፤ ይኸውም ልጁ በቤቱ ሳለ የሰማው ተረት፥ እንቆቅልሽ፥ ምሳሌና ዘፈን ነው። አስቴር ይህን ስንቅ ሳታፈስስ እስከ ባሕር አድርሳዋለች። ማንበብና መጻፍም ከተማረች በኋላ የኦሮሞን ቃላት እየለቀመች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ከልጅነትዋ የምታስታውሰውንም 500 የሚያህል ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን በጽሕፈት አኖረች። ሌሎችም ነጻ የወጡ የኦሮሞ ልጆች በሥራው ረዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ሥራ በብዙ ሰው መታሰቢያ ተቃና።

የእነዚህን ልጆች ብርታት ማስተዋል ይገባል። ስለ ቤታቸው ማሰብ ያሳዝናቸው ነበር፤ የተነጠቁትን ያስታውሳቸዋልና። የተሰበረ ልብ ብዙ ጊዜ መርሳትን ይመርጣል። እነርሱ ግን ትዝታቸውን ለሌላ ሰው ጥቅም አወጡት። እግዚአብሔር ሐዘናቸውን አይቶአል ብሎ ያመነ ልብ፥ ሐዘኑን ተሸክሞ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

፭

ይህ ሁሉ የተሠራው በጸጥታ ዘመን አይደለም። ኢጣልያኖች በ1885 ምጽዋን ያዙ። በጥር ወር 1887 ከምጽዋ ብዙ በማይርቀው በዶጋሊ ራስ አሉላ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። በ1888 በከብት በሽታ ምክንያት ታላቅ ረኀብ በኢትዮጵያ ጀመረ፤ እስከ 1892 ድረስ ቈየ። በሬ አልቆ ማረሻ ቆመ፤ ሕዝብም እንደ ቅጠል ረገፈ። ሰዎች ያን ጊዜ ክፉ ቀን ብለው ጠሩት። በመጋቢት ወር 1889 አፄ ዮሐንስ በመተማ ከመሐዲ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በመጋቢት ወር 1896 የዓድዋ ጦርነት ሆነ።

በእነዚሁ ዓመቶች በእምኩሉ ያሉ ጥቂት ሰዎች ቃል እየመረጡ ይጽፉ ነበር። በዓለም ፊት ሥራቸው እጅግ ትንሽ ነበረ። መድፍ በሚጮህበት አገር የብዕር ድምፅ አይሰማም። ሆኖም ሐዲስ ኪዳን በኦሮሞ ቋንቋ በ1893 ተፈጽሞ ታተመ። በ1894 ኦኔሲሞስና አስቴር ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ የስሙም ትርጓሜ የማስተማር መጀመሪያ ማለት ነው። አስቴር በቃልዋ ይዛ የመጣቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ብዙዎቹ በዚያ መጽሐፍ ተጻፉ። ብሉይ ኪዳንም ተተርጕሞ፥ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በሳንክት ክሪሾና ታተመ። የታተመውም በግእዝ ፊደል ነው።

ከ1886 እስከ 1899 ያለው 13 ዓመት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በ13 ዓመት ውስጥ ስንት ማለዳ እንዳለ አስቡ። በእያንዳንዱ ማለዳ ሥራው ካለፈው ቀን ጥቂት ብቻ ይበልጥ ነበር። የሚያነብበው ሕዝብ ሩቅ ነው፤ መንገዱ አልተከፈተም፤ መጽሐፉ እንደሚደርስ ማንም ዋስ አልሆነላቸውም። ዋሳቸው እምነታቸው ነበረ።

፮

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦኔሲሞስ፥ አስቴርና ጓደኞቻቸው ወደ ወለጋ ገቡ፤ የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በመልካም ተቀበሏቸው። ኦኔሲሞስ በምጽዋ ነጻ ከወጣ 34 ዓመት አልፎ ነበር። በባርነት የወጣው ልጅ ጠጕሩ እየሸበተ መጽሐፍ ተሸክሞ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኦሮሞ ቋንቋም አስተማረ። አስቴርም መምህርት ሆነች፤ ከተረቶቹ መጽሐፍ ልጆችን ማንበብ አስተማረች።

መከራው ግን በዚህ አላለቀም። ሰው፥ «አሁንስ አረፍሁ» ባለ ጊዜ አዲስ ፈተና ይመጣል። በአገሩ ካሉት ካህናት አንዳንዶቹ ትምህርቱን አልወደዱትም። ስለ ሃይማኖት ተከሰሰና በ1906 በአዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ ከአገሩ እንዲወጣም ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ነገር ግን እንዳይሰብክ አዘዙት።

እንግዲህ 34 ዓመት የፈለገውን አገር አገኘ፤ በዚያም አፉ ተዘጋ። ይህም ነገር እስከ 1916 ድረስ ቈየ፤ በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቃድ ሰጡት። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስ 10 ዓመት ሙሉ ፈቃድ ሳይኖረው በትዕግሥት ኖረ። የከሰሱትንም በሰይፍ ወይም በዐመፅ አልተበቀለም። እርሱ ዝም በተባለበት ጊዜም መጽሐፉ ዝም አላለም፤ መጽሐፍ በሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ለሚያነብበው ሁሉ ይናገራልና። በእምኩሉ ቆላ የተሠራው ሥራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ተገለጠ።

ከዚያ በኋላ ኦኔሲሞስ እስኪሞት ድረስ አስተማረ። ሰዎችም አባ ገመቺስ እያሉ በክብር ይጠሩት ነበር። በሰኔ ወር 1931 በነቀምቴ ዐረፈ። የሰው ንግድም ለዘላለም የሚኖር ይመስል ነበር፤ እርሱ ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ ግን፥ በ1942፥ ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ ተሻረ።

፯

ይህን ታሪክ የሚያነብብ ልጅ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ሂካና አስቴር ነጻ ወጡ፤ ነጻ ያልወጡት ልጆችስ? ከአስቴር በፊትና በኋላ ብዙ ጀልባዎች ባሕሩን ተሻግረዋል፤ የያዛቸው መርከብም አልነበረም። በእነዚያ ጀልባዎች ውስጥ የነበሩት ልጆች ከእነዚህ ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም፤ ጸሎታቸውም አልጐደለም። ስለዚህ እምነት ያለው ሰው መከራ አያገኘውም፥ ወይም ፈጥኖ ይድናል ብሎ ማስተማር ውሸት ነው። ክርስቶስ ራሱ መስቀልን ተሸክሞአል። እምነት ተስፋ የሚሰጠው እግዚአብሔር በመከራ ውስጥ ካለው ሰው እንደማይርቅ፥ ክፉም ለዘላለም እንደማይነግሥ ነው።

ከዳነም በኋላ ሰው ዕዳ አለበት። ኦኔሲሞስና አስቴር ነጻነታቸውን ለራሳቸው ብቻ አልበሉትም፤ ወደ ቀሩት ወገኖቻቸው ፊታቸውን መለሱ። መከራን አልፎ የወጣ ሰው ኋላው ላለው ሰው እጁን ቢዘረጋ፥ ያለፈበት መከራ ከንቱ ሆኖ አይቀርም።

በልጆችም ላይ ክፉ ዘመን ይመጣል። አባት ወይም እናት ይታመማሉ፥ ይሞታሉም። ጦርነት ይነሣና ቤተ ሰብ ከቀዬው ይሰደዳል፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ዝናብ ይቀርና እንጀራ ይጐድላል። በዚያን ጊዜ ልጅ፥ «እኔ ትንሽ ነኝ፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?» ይላል። ጦርነትን ማስቆም የልጅ ሥራ አይደለም፤ ዝናብንም ማዝነም አይችልም። ነገር ግን ታናሽ ወንድሙን ማባበል ይችላል፤ ለታመመች እናቱ ውኃ ማቅረብ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ያወቀውን ፊደል ለማያውቀው ጎረቤቱ ማስተማር ይችላል። ከአያቱም የሰማውን ተረት ሳይረሳ መያዝ ይችላል፤ ለማን እንደሚጠቅም አይታወቅምና።

ልቡ ቢፈራ ፍርሃቱን በጸሎት ለእግዚአብሔር ይንገረው። ለወላጆቹና ለመምህሩም ይንገራቸው፤ ፍርሃት ብቻውን የያዘውን ሰው ያሸንፋል፥ ከወዳጅ ጋር የተካፈሉት ፍርሃት ግን ይቀልላል። ከጸለየም በኋላ ተነሥቶ በእጁ ያለውን ሥራ ይያዝ። ነገ ለእግዚአብሔር የተተወ ነው፤ የዛሬው ሥራ ግን ለሰው ተሰጥቶአል።

ሂካ ማለት ፈቺ ማለት እንደ ሆነ ተነግሮአል። ነጋዴዎች እጁን አስረው ከአገሩ ያወጡት ልጅ፥ ለወገኖቹ በሌላ ቋንቋ ታስሮ የነበረውን ቃል ፈታላቸው። ለዚህም ዕድሜውን ሁሉ ሰጠ።

ጥያቄ

1. ሁለቱ የልብ ብርታት ዐይነቶች ምንና ምን ናቸው? ለእያንዳንዱ ከምታውቁት ሰው ሕይወት ምሳሌ ስጡ።
2. ሂካ የሚለው ስም ትርጓሜው ምንድር ነው? ኦኔሲሞስ የሚለውስ?
3. ኦኔሲሞስ ወደ ኦሮሞ አገር የሚወስደው መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ምን ሠራ?
4. አስቴር ጋኖ ነጋዴዎች ሊነጥቋት ያልቻሉት ስንቅ ምን ነበር? ለምንስ ጠቀመ?
5. መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮሞ ቋንቋ የታተመው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ሥራው ሲሠራ በአገሩ ምን ምን መከራ ነበር?
6. ኦኔሲሞስ እንዳይሰብክ በታዘዘ ጊዜ ማን ወይም ምን ስለ እርሱ ተናገረ?
7. ከአያታችሁ ወይም ከእናታችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት ሳትረሱ በደብተራችሁ ጻፉ።